ብሎንድ ኤልን በአግባቡ መቅዳት፣ መቅመስና ከምግብ ጋር ማጣመር

«ብሎንድ ኤል ገዛሁ፤ ግን ውሃ ውሃ አለኝ። ከምን ምግብ ጋር ነው የሚጠጣው?» ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። እንዴት እንደጠጡት መልሼ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ ቢራውን በረዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከፍሪጅ አውጥተው፣ ከጠርሙሱ አፍ በቀጥታ፣ ጭስ ከጠገበ ወይም ሶስ ከበዛበት ሥጋ ጋር እንደጠጡት ይነግሩኛል። በዚህ አኳኋን የሚጠጣ ቀላል ቢራ ጣዕሙ ሊታወቅ አይችልም። ብሎንድ ኤል ገር ጠባይ ያለው ቢራ ነው፤ የሚደብቀው ነገር ከበዛበት ይደበቃል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሦስት ነገሮችን ያስተካክላል፦ ቅዝቃዜውን፣ ብርጭቆውንና ምግቡን።

በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?

ብሎንድ ኤል ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ፣ ከገለባ ቢጫ እስከ ወርቃማ ቀለም ያለው ቢራ ነው። የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 5.5 በመቶ ነው። ምሬቱ በዓለም አቀፉ የቢራ ምሬት መለኪያ (አይ ቢ ዩ) ከ15 እስከ 28 ይደርሳል፤ ይህ ዝቅተኛ የሚባል ነው። የኤል እርሾ ከላገር (በቅዝቃዜ ከሚብላላው የቢራ ዓይነት) እርሾ ሞቅ ባለ ሁኔታ፣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሠራ ቀለል ያለ የፍራፍሬ ሽታ ይተዋል። በብርጭቆው ውስጥ የሚፈልጉት እንግዲህ የትኩስ ዳቦ ወይም የብስኩት ሽታ፣ ትንሽ የማር ጣፋጭነት፣ እንደ ፖም ወይም ፒር ያለ የፍራፍሬ ጠረን፣ ከሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው ተክል አበባ) የሚመጣ የአበባ ወይም የሎሚ ልጣጭ መዓዛ፣ በመጨረሻም ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የማይተው አጨራረስ ነው። ሁሉም በትንሽ በትንሹ ነው ያሉት፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለአንድ ሰው አንድ 330 ሚሊ ሊትር ብሎንድ ኤል
- 400 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ግልጽና ቀጥ ያለ ወይም አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ
- ሽታው ያልበዛ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እና ለብርጭቆ ብቻ የሚውል ስፖንጅ
- የምግብ ቴርሞሜትር (ባይኖርም ይቻላል)
- በረዶ፣ ጨውና ባልዲ፣ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ካስፈለገ
- ለደረጃ 7 ሙከራ፦ የሎሚ ቁራጭ፣ ቁንጥጫ ጨው፣ ቁንጥጫ ስኳር፣ ቅመም የሌለው ነጭ ዳቦ
- የመጠጥ ውሃ

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

«ቀላል» የተባለው ጣዕሙ እንጂ አልኮሉ አይደለም። 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት የሚነዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በሕግ ከተወሰነው ዕድሜ በታች ያሉ ወጣቶች እና የጉበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች መጠጣት የለባቸውም። የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወይም የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቁ። ቢራው ከገብስ ስለሚሠራ ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን አለበት፤ ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለበት እንግዳ ካለ ሳይቀዱለት በፊት ይንገሩት። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አልኮልን ከደም አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ጊዜ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ሲገዙ መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ

ከስሙና ከሥዕሉ በፊት የታሸገበትን ቀን ይፈልጉ። ከታሸገ ሦስት ወር ያልሞላውን ቢመርጡ ጥሩ ነው። ጥቁር ቢራ የተቆላ ብቅሉ፣ ጠንካራ ቢራ ደግሞ አልኮሉ እርጅናውን ለጊዜው ይሸፍንለታል። ብሎንድ ኤል ግን መሸፈኛ የለውም፤ ሲያረጅ ወዲያው ያሳብቃል።

ቀጥሎ ማሸጊያውን ይዩ። ጣሳ ብርሃን አያስገባም፤ ቡናማ ጠርሙስም አብዛኛውን ጎጂ ብርሃን ይከለክላል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ያሳልፋሉ። ብርሃን ከሆፕስ የሚመጡትን መራራ ንጥረ ነገሮች ሲሰባብር ሰልፈርነት ያለው፣ አፍንጫ የሚወጋ መጥፎ ጠረን ይፈጠራል። ለዚህ ቀናት አያስፈልጉም፤ በጠራራ ፀሐይ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ስለዚህ መስኮት ዳር የተደረደረውን ትተው ከመደርደሪያው ጀርባ ወይም ከማቀዝቀዣው ያለውን ይውሰዱ።

መለያው ላይ የአልኮሉን መጠንም ያንብቡ። የቤልጂየም ብሎንድ በሚል የሚሸጠው ቢራ ስሙ ቢመሳሰልም ከ6 እስከ 7.5 በመቶ የሚደርስ፣ ቅመማ ቅመም የሚሸት ሌላ ዓይነት ነው። ለእሱ የሚስማማው ምግብም የዚህ መመሪያ ምግብ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አቁመው፣ በጨለማና በቅዝቃዜ ያስቀምጡ

ጠርሙሱን አያጋድሙ። ሲቆም ቢራው ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ይጠባል፤ ዝቃጭ ካለውም ታች ይረጋል። ቀዝቅዞ የነበረ ቢራ ለጥቂት ሰዓታት ቢሞቅና እንደገና ቢቀዘቅዝ አይበላሽም፤ የሚጎዳው በሞቃት ክፍል ለሳምንታት መክረሙ ነው።

ደረጃ 3፦ ብርጭቆውን ለቢራ ያጽዱት

ለዓይን ንጹሕ የሆነ ብርጭቆ ለቢራ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። አረፋውን አቅፈው የሚይዙት ከብቅል የሚመጡ ፕሮቲኖችና የሆፕስ መራራ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የስብ ጠብታ፣ የሊፕስቲክ ቅሪት ወይም ያልለቀቀ ሳሙና ይህን ይበታትነዋል። አረፋው ሲጠፋ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል።

ብርጭቆውን በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡ፤ ድስት የሚታጠብበትን ስፖንጅ አይጠቀሙ። በብዙ ውሃ ያለቅልቁና አየር በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ደፍተው ያድርቁት። በጨርቅ አይወልውሉት፤ ጨርቁ ክርና ስብ ይተዋል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይም አይድፉት፤ ውስጡ የታፈነው አየር ይሸታል።

ለማረጋገጥ ውስጡን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበው ውሃውን ይድፉ። የቀረው ውሃ እንደ ስስ ሽፋን እኩል ከወረደ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ ሠርቶ እዚህም እዚያም ከቆመ ስብ አለበት፤ እንደገና ይጠቡት።

ደረጃ 4፦ ሙቀቱን ከ6 እስከ 9 ዲግሪ ያድርጉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ መከተል የሚችል ሰው ቢኖር ይህን እንዲከተል እመክረዋለሁ። በጣም ሲቀዘቅዝ ምላስ ይደነዝዛል፤ ሽታ የሚሸከሙት ንጥረ ነገሮችም ከቢራው አይነሡም። የሚቀረው ጋዝና ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ «ውሃ ውሃ አለኝ» የሚባለውም ይኸው ነው። ከ12 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ጋዙ ቶሎ ይወጣል፣ ጣፋጭነቱም አፍ ውስጥ ይከብዳል።

4 ዲግሪ ላይ ከተስተካከለ ፍሪጅ የወጣ ቢራ 10 ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ሞቆ የቆየውን በፍጥነት ለማቀዝቀዝ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ጨምረው ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ይንከሩት፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካ ከደረቅ በረዶ ቁርጥራጭ ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ይወስዳል፤ ጨው ደግሞ የውሃውን ሙቀት ከዜሮ በታች ያወርደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተው አይርሱ። እንዲህ ያለው ቢራ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ ሲረጋ ይሰፋል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። ብርጭቆውንም በፍሪዘር አያቀዝቅዙት። ውስጡ የሚጋገረው በረዶ ቢራውን ያቀጥነዋል፣ አረፋውንም ያለ ልክ ያስነሣዋል።

ደረጃ 5፦ ይቅዱ

ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጊዜ አለቅልቀው ውሃውን ያራግፉ። 45 ዲግሪ ያህል ያጋድሉትና ቢራው የግድግዳውን መሐል እየነካ እንዲወርድ ሳያቋርጡ ይቅዱ። ግማሽ ሲደርስ ብርጭቆውን ቀስ ብለው ያቁሙና ቀሪውን መሐል ለመሐል ያፍስሱ። ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አረፋ መቆም አለበት።

አረፋን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ አሉ፤ አይደለም። መዓዛው ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ፊኛዎቹ ሲፈነዱ ነው፤ ትርፉ ጋዝም በብርጭቆው ውስጥ ካልወጣ የሚወጣው ሆድ ውስጥ ነው። ቀድተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያንሡት፦ ፊኛዎች ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ከቆሙ እዚያ ቦታ ላይ ቆሻሻ አለ፤ ከታች ተነሥተው ቀጥ ብለው ከወጡ ደረጃ 3 ተሳክቷል።

ክራፍት ቢራ (በትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠራ ቢራ) አንዳንዴ በጠርሙሱ ውስጥ እርሾ ይኖረዋል። የጠርሙሱ ታች ደፍረስ ብሎ ከታየ የመጨረሻውን አንድ ሴንቲ ሜትር አተላ አይቅዱት። ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን የእርሾው ጣዕም ከብቅሉ ይጎላል።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ያለ ምግብ ይቅመሱ

ምግብ ሳይነኩ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ይሳቡ። ረጅም ስቦ ማሽተት አፍንጫን ያለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይሸትም። ከዚያ አፍ የሚሞላ ያህል ሳይሆን ምላስን የሚያዳርስ ያህል ይጎንጩ፣ ይዋጡት፣ በአፍንጫዎም ይተንፍሱ። አብዛኛው ጣዕም ያለው በዚያ ትንፋሽ ውስጥ ነው። ቢራ አይተፋም፤ ምሬቱ በደንብ የሚታወቀው ሲዋጥ ነው።

አምስት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይቅመሱ። ሁለት ዲግሪ ያህል ሲሞቅ የማሩና የዳቦው ሽታ ቀድሞ ካልነበረበት ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ቢራው ጤነኛ መሆኑንም ይለያሉ፦

- እርጥብ ካርቶን ወይም አሮጌ ወረቀት ከሸተተ አርጅቷል፤ ኦክሲጅን ገብቶበታል።
- ሰልፈርነት ያለው የሚወጋ ጠረን ካለው ብርሃን መቶታል።
- ቅቤ ቅቤ ካለ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ታሽጓል ወይም ባክቴሪያ ገብቶበታል።
- ኮምጣጤ ካለ በእርግጥ ተበክሏል።

ከእነዚህ አንዱን ካገኙ ምግብ አያድነውም፤ ሌላ ጠርሙስ ይክፈቱ።

ደረጃ 7፦ የአምስት ደቂቃ ሙከራ

ምግብ ቢራን እንዴት እንደሚለውጥ በቃል ከመስማት በምላስ ማወቅ ይሻላል። በየመሐሉ ዳቦና ውሃ እየቀመሱ እንዲህ ያድርጉ።

ጥቂት የጨው ቅንጣት ምላስዎ ላይ አድርገው ይጎንጩ፦ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ብቅሉ ይጎላል። ሎሚ ልሰው ይጎንጩ፦ ቢራው ከቀድሞው ይልቅ ይጣፍጣል። ስኳር ልሰው ይጎንጩ፦ ያው ቢራ ቀጥኖና መርሮ ይመጣል። ሦስቱን ከቀመሱ በኋላ ጨዋማና ጎምዘዝ ያለ ምግብ ለምን እንደሚስማማው፣ ጣፋጭ ኬክ ደግሞ ለምን እንደሚጎዳው ማንም ሊያስረዳዎት አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ምግቡን ይምረጡ

የመጀመሪያው መመዘኛ ክብደት ነው። ቢራውም ምግቡም እኩል መሰማት አለባቸው። ሁለተኛው፣ በምግቡ ውስጥ የቢራውን ጣዕም የሚመስል ነገር መፈለግ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቢራው የሚያጥበው ነገር፣ ማለትም ስብና ጨው መኖሩ ነው። ጋዙና ምሬቱ ምላስ ላይ የተለጠፈውን ስብ ስለሚያነሡ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል።

ሦስቱንም በአንድነት የሚያሟላው፣ በእኔ ግምት ተወዳዳሪ የሌለው ጓደኛው፣ ቆዳው ወርቃማ እስኪሆን በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ ነው። ቆዳው ሲጠበስ የሚፈጠረው ጣዕም፣ ብቅል በሙቀት ሲደርቅ ከሚፈጠረው ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካዊ ሂደት ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ አይጣሉም። ዶሮውን ከመጥበስዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ጨው ይቀቡትና ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ ጨው እርጥበቱን ስለሚስብ ቆዳው ደርቆ ይሰባበራል። ሲወጣ ሎሚ ይጭመቁበት። ሶስ አያስፈልገውም፤ ጣፋጭ ሶስ ከተቀባ ደግሞ የደረጃ 7 ስኳር እንደገና መጣ ማለት ነው።

የተጠበሰ ነጭ ዓሣም እንዲሁ ነው። ከፈለጉ ቢራውን ለሊጡ ይጠቀሙበት፦ 150 ግራም የስንዴ ዱቄትና ቁንጥጫ ጨው በ200 ሚሊ ሊትር በጣም ቀዝቃዛ ብሎንድ ኤል ብዙ ሳያማስሉ ይበጥብጡ፣ የደረቀውን ዓሣ ነክረው በ180 ዲግሪ ዘይት ይጥበሱ። ጋዙ ሊጡን ያቀለዋል። ብዙ ማማሰል ግን ግሉተኑን አጠንክሮ ሊጡን ያከብደዋል። እርጥብ ዓሣ የጋለ ዘይት ውስጥ አይጨምሩ፤ ይፈናጠራል።

ሌሎች የሚስማሙት፦ ጨው የነካው የድንች ጥብስ፣ ሽሪምፕ፣ ኦምሌት፣ በወይራ ዘይትና በሎሚ የተለወሰ ሰላጣ፣ የቲማቲም ሶሱ ያልበዛ ፒዛ። ከአይብ ወገን ሞዛሬላ፣ ትኩስ የፍየል አይብ እና ብሪ ጥሩ ናቸው፤ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ግን ቢራውን ድራሹን ያጠፋዋል።

የማይስማሙት፦ በጭስ የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ ለሰዓታት የበሰለ ወፍራም ወጥ፣ ቸኮሌት፣ ኮምጣጤ የበዛበት ማንኛውም ነገር።

ስለሚያቃጥል ምግብ ብዙ ይጠየቃል። አልኮልና ጋዝ ማቃጠሉን ያብሳሉ እንጂ አያበርዱም፤ ምሬትም ይጨምርበታል። ብሎንድ ኤል ምሬቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከመራራ ቢራዎች ይሻላል፤ መካከለኛ ቃጠሎ ያለውን ምግብ ይችላል። ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ግን እርጎ ወይም ወተት ያቅርቡ፤ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስብ የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር ይዞ ያነሣዋል።

ደረጃ 9፦ ጥምሩን ማዕድ ላይ ይፈትኑ

አንድ ጉርሻ ይብሉና ይዋጡ፤ ወዲያው ይጎንጩ፤ ከዚያ ሁለተኛ ጉርሻ ይከተል። ሁለተኛው ጉርሻ ከመጀመሪያው እኩል ወይም በላይ ከጣፈጠ ተሳክቷል። ቢራው ከጠፋ ምግቡ ከብዷል፤ ቢራው ከመረረ ምግቡ ውስጥ ስኳር አለ ወይም ጨው አንሶታል።

ቢራ ከመለወጥዎ በፊት ምግቡን ያስተካክሉ። ቁንጥጫ ጨው ወይም ጥቂት የሎሚ ጠብታ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል።

ደረጃ 10፦ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ

በአንድ ማዕድ ላይ ከአንድ በላይ ዓይነት ቢራ ካለ ብሎንድ ኤል ይቅደም። መራራ ወይም ጥቁር ቢራ ከቀመሱ በኋላ ምላስ ወደ ቀላሉ አይመለስም። ለእንግዶች ሲቀዱ ደግሞ ብርጭቆውን በአንዴ ከመሙላት ግማሽ ግማሽ እያደረጉ ይጨምሩ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜውንና ጋዙን ይጠብቃል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- ብርጭቆው ውስጥ የሎሚ ቁራጭ መክተት። የልጣጩ ዘይትና አሲዱ አረፋውን ያፈርሳሉ፤ የሆፕሱን ስስ መዓዛም ይሸፍናሉ። ሎሚው ምግቡ ላይ ይሁን።
- ጥርስ ቦርሾ ወይም ቡና ጠጥቶ ወዲያው መቅመስ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ቸኩለው ከሆነ ዳቦ ይብሉና በውሃ ይጉመጥመጡ።
- ጠረጴዛው ላይ ሽታ ያለው ሻማ ማብራት ወይም ሽቶ በብዛት መቀባት። በብርጭቆው ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣሉ።
- ባዶ ሆድ ላይ መጀመር። አልኮሉ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ቅምሻውም ሳይጀመር ያበቃል።
- የተከፈተ ጠርሙስ ለነገ ማቆየት። ቢዘጉትም ጋዙ ሸሽቶ ኦክሲጅን ገብቶበታል። የተረፈውን ለዓሣው ሊጥ ያውሉት፤ እዚያም ቢሆን ያው ቀን።